ከበሩ ኋላ ያለው አግዳሚ

«እኔ የሞትኩ ዕለት ሳጥኔ በየት በኩል ይገባል?»

እማማ ምን ይሆን ይህን ጥያቄ ካለፈው እሑድ ወዲህ ሲያላምጡት ሰነበቱ። ሲተኙ አብሯቸው ይተኛል፤ ሲነሡ ቀድሟቸው ተነሥቶ ይጠብቃቸዋል። መልስ ግን አላገኙለትም። የጉባኤያቸው አዳራሽ በር ባለ ሁለት ተከፋች ነው፤ ወደ ውስጥ ይከፈታል። አንደኛው ተከፋች ግን ከኋላው በተተከለው አግዳሚ ወንበር ምክንያት ከተንቀሳቀሰ ዓመታት አልፈውታል። በቀረው በኩል ሰው ጎኑን ሰጥቶ ሾልኮ ይገባል። ሬሳ ደግሞ አይሾልክም።

«ምን ይሆን» እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ደመና ሲያዩ «ጎርፍ ቢመጣ ምን ይሆን?»፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ «ዝናቡ ጭራሽ ቢቀር ምን ይሆን?» ማለት ስለሚያበዙ የሰፈሩ ልጆች የለጠፉባቸው ቅጽል ነው። እሳቸውም ያውቁታል። ልጆቹ ከኋላቸው ስሙን ጠርተው ሲሮጡ አይቆጡም፤ «ይኸ ልጅ እንዲህ ሲሮጥ ቢደናቀፍ ምን ይሆን?» ብለው ቆመው ያያሉ እንጂ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው አዳራሹን ሊወለውሉ ባልዲና ጨርቃቸውን ይዘው ሲገቡ ያልጠበቁትን ሰው አገኙ። አናጺው ከልጆቹ ክፍል ግድግዳ ሥር ተንበርክከዋል፤ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ፣ የሲባጎ ጫፍ ከጥርሳቸው መካከል።

አናጺው የእማማ ምን ይሆን ሟች ባል ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳቸው ናቸው። የጉባኤው ሽማግሌዎች ሰብሳቢም ናቸው። በአዳራሹ ያለ እንጨት ሁሉ፣ ከመድረኩ ወለል እስከ መስኮቱ መዝጊያ፣ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። በተለይ አግዳሚዎቹ። በዚህ ጉባኤ አንድ ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ በስሙ አግዳሚ ያሠራል፤ አናጺው የሟቹን ስም መደገፊያው ላይ ይቀርጹታል። ደግ ልማድ ነው፤ ያዘነ ሰው የሚደገፈው ነገር ያገኛል። ችግሩ፣ አግዳሚ እንደ ሰው አያርፍም። ሟች በጨመረ ቁጥር አግዳሚ ይጨምራል፤ የሚነሣ የለም። መጀመሪያ መተላለፊያው ጠበበ፤ ቀጥሎ የጎን በሩ ተዘጋ። በኋላም ሰዉ «የእናቴን ወደ ፊት»፣ «የአባቴን ወደ መስኮቱ» እያለ መጎተት ጀመረ። ሁለት የተከበሩ ወይዛዝርት አንዱን አግዳሚ በሁለት ጫፍ ይዘው በመዝሙር መካከል ሲጓተቱ የታዩ ዕለት አናጺው ተናደው ሁሉንም በቡሎን ከወለሉ ጋር አሰሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ፤ መላወስ ግን ቀረ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?» አሉ አናጺው፣ ሲባጎውን ከጥርሳቸው ሳያላቅቁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ደግሞ ምን ትለካለህ? እዚህ ቤት የሚለካ ባዶ ቦታ ተረፈ እንዴ?»

«ግድግዳውን ነዋ። ነገ ሽማግሌዎቹን አስማማና ሰኞ ይፈርሳል። የልጆቹ ክፍል ከአዳራሹ ጋር ሲቀላቀል ስንት አግዳሚ እንደሚያስገባ ነው የማየው።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆች ምን አለባቸው? በየእናታቸው ጭን ላይ ይሆናሉ።»

«እናቶቹስ በምን ላይ ይሆናሉ?»

አናጺው ሲባጎውን ከአፋቸው አወጡ። «እትዬ፣ ሰው በዛ ብለን ልናዝን ነው? ሰው ሲበዛ ቤት ይሰፋል፤ በቃ።»

እማማ ምን ይሆን ባልዲያቸውን አስቀምጠው ወደ በሩ ዞር አሉ። ያንን ሲያላምጡት የሰነበቱትን ጥያቄ አሁን ካልጠየቁ መቼም አይጠይቁትም። «እሺ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት ሳጥኔ በየት በኩል ይገባል?»

«ውይ እትዬ! ምን ያስጨንቅዎታል? ሳጥኑን የምሠራው እኔ አይደለሁ? ቀጠን አድርጌ እሠራዋለሁ።»

«እኔ ቀጭን ነኝ?»

«እንግዲያማ እስከዚያው ምግብ ይቀንሱ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሆኖም እማማ ምን ይሆን ሲስቁ ዓይናቸው ከበሩ ኋላ ካለው አግዳሚ ላይ አልተነሣም። ምክንያቱም መደገፊያው ላይ የተቀረጸው የባላቸው ስም ነው። አናጺው ለታላቅ ወንድማቸው ብለው ከምርጥ እንጨት፣ ከሌሎቹ ሁሉ አስረዝመው የሠሩት፣ ሌላ ቦታ ስለጠፋ ከበሩ ኋላ የተከሉት። እማማ ምን ይሆን ዘወትር የሚቀመጡት እዚያ ነው። ያለፈው እሑድም እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ «ድንቢጥ» የሚሏት የልጅ ልጃቸው ልጅ ከፊት ከሰው መሐል በሙቀት ተዝለፍልፋ ስትወድቅ። እናቲቱ ይዛት ወደ በሩ ልትሮጥ አለች፤ መሮጫ የለም። ሕፃኒቱ ከእጅ ወደ እጅ በሰው አናት ላይ ተላለፈችና በመስኮት ወጣች። ነፋስ ሲያገኛት ዓይኗን ገለጠች፤ ምንም አልሆነችም። እማማ ምን ይሆን ግን ከአግዳሚያቸው ላይ ተነሥተው አንድ እርምጃ መራመድ ሳይችሉ፣ የሕፃኒቱ ጫማ በሰው ራስ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነበር ያዩት። ያ ትንሽ ጫማ አሁንም ከዓይናቸው አልጠፋም።

«ና፣ ሻይ ጠጣ» አሉ በመጨረሻ። «የልጅ ልጄም ከነልጇ መጥታለች። ደግሞ ስለዚህ ግድግዳ የምትልህ ሳይኖር አይቀርም።»

«ያቺ ቧንቧ ቀባሪ?»

«እሷው ናት። ስድብህን እቤት አድርሰው።»

* * *

የእማማ ምን ይሆን ሳሎን ትንሽ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ያልተስማሙ ወንበሮች፣ በመስኮቱ ሥር የልብስ መስፊያ መኪና። ጉባኤው በልጅነቱ የተሰበሰበው እዚህች ክፍል ውስጥ ነበር፤ ጥቂት ቤተሰብ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ። ስለዚህ አናጺው እዚህ ሲገቡ ሁልጊዜ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

የልጅ ልጃቸው በከተማው የውሃ አገልግሎት ቧንቧ በየት በየት እንደሚዘረጋ የምትነድፍ ናት። እማማ ምን ይሆን ናቸው ያሳደጓት። ገና ኮሌጅ ስትገባ «መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ብትወድቂ ምን ይሆን?» ብለዋት ነበር፤ ጉድጓዱን የምታስቆፍረው ራሷ እንደምትሆን አላወቁም።

ልጅቷ ተነሥታ የአናጺውን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው ቀድመው ግንባሯን ሳሟት። የመሣሪያ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው እግር ሥር አኖሩና ተቀመጡ። ድንቢጥ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ቦርሳው ውስጥ ያለውን ትቆጥር ጀመር።

«አባባ» አለች ልጅቷ ሻዩን እየቀዳች፣ «ግድግዳው ሰኞ ይፈርሳል ሲሉ ሰማሁ። ሳይፈርስ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ብትከለከዪስ ትተያለሽ?»

«የልጆቹ ክፍል ፈርሶ አዳራሹ ሰፋ እንበል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያም ሲሞላስ?»

«ጓሮውን እንጨምራለን።»

«ጓሮውም ሲሞላ?»

«ያኔ እኔ እሞታለሁ፤ እናንተ ታውቃላችሁ።»

«እርስዎ ሲሞቱማ» አለች ልጅቷ ስኳሩን እያቀረበችላቸው፣ «አንድ አግዳሚ ይጨመራል።»

አናጺው ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ። እማማ ምን ይሆንም ሊስቁ ጀምረው «ትን ብሎት ቢቀርስ!» ብለው ጀርባቸውን ይደልቁላቸው ጀመር። ሳቅ ደግ ነገር ነው፤ በር ያስከፍታል። ልጅቷ በተከፈተው በር ገባች።

«አባባ፣ እሑድ እሑድ ማን እንደሚመጣ አስተውለዋል? የሚበዛው ከድልድዩ ማዶ ካለው አዲስ ሰፈር የሚመጣ ነው። ልጅ አዝሎ፣ ልጅ እየጎተተ። ሲደርስ መቀመጫ የለም። ደጅ ቆሞ ይሰማና ፀሐዩ ሲበረታ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት አይመጣም። እኛ ውስጥ ተጣበን ስለምንቀመጥ ሞላን እንላለን እንጂ፣ ደጁን አይተን ጎደልን አንልም።»

«ታዲያ ለዚህ አይደል ግድግዳው የሚፈርሰው?»

«ግድግዳው ቢፈርስ ድልድዩን አያሳጥረውም። እኔና ጓደኞቼ ያሰብነው ሌላ ነው። ማዶ ላይ ሁለተኛ መሰብሰቢያ እንጀምር።»

አናጺው ብርጭቆውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ሄደ። «ይኸ መከፈል ነው። በዚህ ጉባኤ ስንት ዘመን አንድ ሆነን ኖረን፣ እኔ ሰብሳቢ በሆንኩበት ጊዜ ለሁለት ተሰነጠቁ ልባል?»

«አባባ፣ እኔ ያገባሁ ጊዜ ቤቱ ተሰነጠቀ ተባለ? ጎጆ ወጣች ነው የተባለው። እርስዎም መርቀውኛል።»

«መርቄሻለሁ» አሉ አናጺው ሳይወዱ።

«አልጋውንም የሠሩልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ጥሩ አልጋ ነው» አሉ አናጺው፤ ይህንንስ ወደው ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። አናጺው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግትርም አይደሉም። የሚወዱትን ነገር በቡሎን ማሰር የለመዱ ሰው ናቸው። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። የያዝነው እንዳይንቀሳቀስ ስንጥር፣ መንቀሳቀስ ያለበትንም አብረን እናስረዋለን።

«እሺ ልጄ» አሉ አናጺው፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔም ግን መጽሐፉን አነባለሁ። ስለ ነገ አትጨነቁ አልተባልንም? ማዶ ሰው ይመጣ አይመጣ በምን ታውቂያለሽ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያልተወለደ ሕዝብ አዳራሽ ይሠራለታል?»

«አትጨነቁ ተባለ እንጂ አታስቡ አልተባለም። ግንብ ሊሠራ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ያስባል የሚለውን እኮ በዚያ በልጆቹ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በእንጨት ቁርጥራጭ ግንብ እያሠሩን። የኔ ግንብ ሁልጊዜ ይወድቅ ነበር።»

«ሥሩን ስለምታጠብቢው ነዋ!» አሉ አናጺው፣ ከአፋቸው ሲያመልጥ።

«አዎ። ሥሩን ስለማጠበው።»

አናጺው የሻይ ማንኪያውን አዙረው አዙረው መልሰው አስቀመጡት።

«የኔን ሥራ ልንገርዎት» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሽማግሌ እንደሚለምን ሰው። «ለአንድ ሰፈር ቧንቧ ስንቀብር ዛሬ ለተሠራው ቤት ብቻ ብንለካ፣ በየዓመቱ አስፋልት ስንቆፍር እንኖራለን፤ ሰዉም ሲረግመን። ስለዚህ ከተማው ወዴት እንደሚያድግ አይተን፣ በዚያ በኩል አንድ ጫፍ ደፍነን እንተዋለን። ገና ቤት ላልሠራ ሰው። ያ ሰው ሲመጣ ክዳኑን መፍታት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አዳራሹን አንድ ጊዜ ትልቅ አድርገን ብንሠራው አይሻልም? ለመጪውም ይተርፋል።»

«እሱም ስሕተት ነው። ከሚገባው በላይ የወፈረ ቧንቧ ውስጥ ውሃው አይሮጥም፤ ይተኛል፤ የተኛ ውሃ ይሸታል። ባዶ ግዙፍ አዳራሽም እንዲሁ ነው። እኛ የምንለው ቀስ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ማዶ በሰው ቤት፣ በሳምንት አንድ ምሽት። የሚያስተምሩ፣ ልጆች የሚይዙ፣ የታመመ የሚጠይቁ ሰዎች ከወዲሁ እየተለማመዱ። ቦታም ከአሁኑ እየተፈለገ፣ ሰፈሩ ሳይሞላ። ግድግዳ የመጨረሻው ነው፤ ሰው ይቀድማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለም?»

«ይላሉ» አሉ አናጺው። «የኛ ግን አልተፈታም። እኛ ከዚህች ሳሎን ስንነሣ ማን አቀደ? ማን ነደፈ? እግዚአብሔር አበዛን፤ ወጣን፤ አበቃ።»

እማማ ምን ይሆን እስከዚህ ድረስ ነገሩን በጆሮ ብቻ ነበር የተከታተሉት፤ አንድ ዓይናቸው ድንቢጥ ከጠረጴዛው ሥር መዶሻ እንዳታነሣ እየጠበቀ። ይህን ሲሰሙ ግን ቀና አሉ።

«ማን አቀደ ነው ያልከው?»

«አዎ እትዬ፣ ማን አቀደ?»

«ወንድምህ ነዋ።»

አናጺው ወደ እማማ ምን ይሆን ዞሩ።

«ረሳኸው? አዳራሹ ሲሠራ በጉባኤው የነበሩት ሕፃናት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠሩ ነበር። እሱ ግን ለልጆች ለብቻ ክፍል ይሠራ ብሎ ሙጭጭ አለ። እዚህ፣ አሁን በተቀመጥክበት ተቀምጠህ ሳቅህበት። ምን እንዳልከው ልንገርህ?»

«አይንገሩኝ።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አሉ እማማ ምን ይሆን። «ይችኑ ተረት። ‹ልጆቹ የት አሉና ክፍል ይሠራላቸዋል?› አልከው። እሱ ደግሞ ‹ይመጣሉ፤ ሲመጡ ሰው ይጠብቀን ነበር ይበሉ› አለህ። ይኸው፣ ያ ክፍል ያሳደጋት ቁጭ ብላ ትከራከርሃለች።»

አናጺው ወደ ወለሉ አዩ። ድንቢጥ ከሥር ሆና ወደ ላይ አየቻቸውና «አባባ፣ ነገም በመስኮት እወጣለሁ?» አለቻቸው፣ እንደ ደስ የሚል ጨዋታ።

 እናቷ ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና ፀጉሯን ትዳብስ ጀመር።

«ማን ይሄዳል?» አሉ እማማ ምን ይሆን በድንገት። ወደ ልጅቷ ዞረው ነበር። «ማዶ። መጀመሪያ የሚሄዱት እነማን ናቸው?»

ልጅቷ እጇን ከሕፃኒቱ ፀጉር ላይ አቆመች። «እማዬ፣ እኛም የምንኖረው ማዶ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«እኔና ባሌ ልጆቹን እናስተምር ተብለናል።»

እነሆ፣ እማማ ምን ይሆን በሕይወታቸው ካሰቡት «ምን ይሆን» ሁሉ መካከል ይህ አልነበረም። ጎርፍ አስበዋል፤ ድርቅ አስበዋል፤ የሳጥናቸውን ወርድ ሳይቀር አስበዋል። እሑድ ጠዋት ከበሩ ኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ስለመቀመጥ ግን አላሰቡም። ልጅቷ ካገባች ወዲህ የሚገናኙት ይበልጡን በዚያ ነበር፤ ከፊት በኩል ዞር ብላ ስትፈልጋቸው፣ እሳቸውም በዓይናቸው «አለሁ» ሲሏት። ስለዚህ የእሳቸው ጥርጣሬ ከአናጺው ቢብስ አይገርምም። እንደሚፈራ ሰውም ጥያቄያቸውን ያዘንቡት ጀመር።

«ሰው ባይመጣላችሁስ? ብቻችሁን ብትቀሩ? ያ ሰፈር ክረምት ጭቃው አያስገባም፤ ልጅቷ ብትታመም ማን አለ? የቤቶቹ ደረጃ ገደል ነው ይባላል። ሰው ቢያማችሁስ፣ ‹ተለዩ› ቢል? እኔ ደግሞ... እኔስ ባጠገቤ ማን ይቀመጣል?»

የመጨረሻዋን እንደ ዋዛ ጨምረዋት ነበር፤ ድምፃቸው ግን አጋለጣቸው።

ልጅቷ ሕፃኒቱን አውርዳ መጥታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች፣ በልጅነቷ ፀጉሯን ሲሠሯት እንደምትቀመጠው። «እማዬ፣ እኔ ሥራዬን ከማን እንደተማርኩት ታውቂያለሽ? መሥሪያ ቤት አዲስ ሥራ ስንጀምር ክብ ሠርተን እንቀመጥና ‹ጎርፍ ቢመጣ ምን ይሆን? ቧንቧው ቢፈነዳ ምን ይሆን? ሰው በእጥፍ ቢመጣ ምን ይሆን?› እንባባላለን። የመጀመሪያ ቀን ሳቄ መጣብኝ። የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚስቅብሽን ነገር እነሱ ደሞዝ ተከፍሏቸው ይሠሩታል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እነሱ መልሱን ሳይፈልጉ አይነሡም። አንቺ ጠይቀሽ ታለቅሻለሽ፤ እኛ ጠይቀን እንቆፍራለን። ዕቅድ ማለት እኮ ያንቺው ስጋት ነው፤ ጫማ አድርጎ ሲነሣ።»

እማማ ምን ይሆን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ጭቃውስ?»

«በጋ ላይ ነው የምንጀምረው። ክረምት ሳይገባ ድንጋይ እናነጥፋለን።»

«ደረጃውስ?»

«ደረጃ የሌለው ቤት መርጠናል። የሚመጡ እንግዶች አሉን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው።»

«ባጠገቤስ?»

ልጅቷ ለዚህ ቶሎ አልመለሰችም፤ ባለመቸኮሏም አያቷ ይበልጥ አመኗት። «እሱን ባዶ ነው የምተወው እማዬ። አልዋሽሽም። ግን ደጅ ቆማ የምትመለስ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት አለች። ቦታ ስላገኘች ትገባለች፤ ባጠገብሽ ትቀመጣለች። ስለልጇ አንድ መቶ ነገር ትጨነቂላታለሽ። እሑድ ከሰዓት ደግሞ እኛ እዚህ ነን፤ ሻይ ፍለጋ።»

«የማንን ልጅ እንደምታዝል እንኳ አላውቅም» አሉ እማማ ምን ይሆን፤ ወዲያው ግን «በዚያ ፀሐይ ሕፃን ይዞ መቆም! ሰው የላትም እንዴ?» አሉ። መጨነቅ ጀምረውላት ነበር።

ከዚያ ተነሡና ወደ አናጺው ዞሩ። ሲቆሙ ትንሽ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ሳሎኑን ሞሉት።

«ስማኝ ወንድሜ። እኔ ፊደል የቆጠርኩ እንጂ የተማርኩ አይደለሁም። ግን ቤት አስተዳድሬ ኖሬአለሁ። ልብስ ስሰፋ ለሚያድግ ልጅ ጠርዙን አጥፌ እተዋለሁ፤ ያንን የማያውቅ ሰፊ በዓመቱ እንደገና ይሰፋል። ይች ልጅ የምትለው ከሆነ ልጆቹ ክፍላቸው አይፈርስባቸውም፤ ይማራሉ። ማዶ ያለው ሰው በቅርቡ ያመልካል፤ ሽማግሌውም ነፍሰ ጡሯም ድልድይ አይሻገሩም። ዝም ብለው ከኋላ የሚቀመጡት ወጣቶች ሥራ ያገኛሉ፤ ሥራ ያገኘ ሰው አይጠፋም። እዚህ የምንቀረውም መተላለፊያ እናገኛለን፤ ሕፃን የታመመ ዕለት በበር ይወጣል። አዳራሻችን ለሞቱት አግዳሚ አገኘ፤ እሰየው። አሁን ለሚወለዱት ይፈልግላቸው።»

«ለሞቱት...» አሉ አናጺው።  «እትዬ፣ ማዶ ለሚሄዱት መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። ከየትኛው ይነሣል? የማንን አባት ፈትቼ ላውጣ? ማን እሺ ይለኛል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እንግዲህ ዕቅዷ ሁሉ የሚቆምበት ቦታ ይኸ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቷ የተማረችው መልስ አልነበራትም።

«የኔን ባል» አሉ እማማ ምን ይሆን።

«እትዬ!»

«ከበሩ ኋላ ያለውን። መጀመሪያ እሱ ይሄዳል። የሰብሳቢው ወንድም አግዳሚ ከተነሣ ሌላው የእናቴ፣ የአባቴ ብሎ አፍ አይከፍትም፤ እንዲያውም ‹የኔም አብሮ ይሂድ› ይላል፤ አውቃቸዋለሁ።»

«እኔ እኮ... ያን ያህል አሳምሬ የሠራሁት...» አሉ አናጺው። «ስሙ እዚያ ላይ ነው እትዬ።»

«ስሙ እዚያ ላይ ነው። ሐሳቡ ግን ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ በልጆቹ ክፍል። አንተ ሰኞ ልታፈርሰው የተነሣኸው እሱን ነው፤ የሰው መውጫ ዘግቶ እንዲኖር ያሰርከው ደግሞ አግዳሚውን ነው። ወንድምህ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያግድ ሰው ነበር?»

አናጺው ራሳቸውን በቀስታ ወዘወዙ።

«እሱ የሚቀድም ሰው ነበር። ይቅደም። አዲሱ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው የሱ አግዳሚ ይሁን፤ ድንቢጥም ትቀመጥበት። እኔ ደግሞ» አሉና ፈገግ አሉ፣ «እኔ ሳጥኔ በሰፊው ይገባልኛል፤ ምግብም አልቀንስም።»

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን ሊስቁ ደርሰው ነበር። ሻዩ ቀዝቅዟል። ከውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ እማማ ምን ይሆን «መስኮት ቢሰብሩስ» አላሉም።

አናጺው ከኪሳቸው ሲባጎውን አወጡ። የልጆቹን ክፍል የለኩበት ነው፤ በየአግዳሚው ወርድ ልክ ቋጠሮ አለበት። ጉልበታቸው ላይ አድርገው በወፍራም ጣታቸው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈቷቸው። ጠበቅ ያለውን በጥርሳቸው ነከስ አድርገው ፈቱት። ቀጥ ሲልላቸው ጠቅልለው ለድንቢጥ ሰጧት፤ እሷም መጫወቻ ስላገኘች እጃቸውን ሳመች።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ። መዶሻውን ተዉት። መጋዙንም ተዉት። ከሥር የነበረውን የቡሎን መፍቻ አወጡና በእጃቸው መዘን አደረጉት።

ልጅቷ አንድ ነገር ልትናገር ስትል አያቷ እጇን ያዝ አደረጓት።

አናጺው የእማማ ምን ይሆንን ትከሻ ሳሙ። ኮፍያቸውን አጠለቁ። ቦርሳቸውን እዚያው ትተው መፍቻውን ብቻ ይዘው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ወደ አዳራሹ ሄዱ።